«ሞተሩ ይሠራል» የተባለ ትራክተር፦ ከኦሃዮ እስከ ቨርጂኒያ የአንድ ጭነት ታሪክ

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሥራዬ ሆትሾት ነው፤ በፒክአፕና በጉዝኔክ ትሬይለር (አንገቱ ፒክአፑ ጭነት ቦታ ላይ በሚያያዝ ተጎታች) ዕቃ አመላልሳለሁ። አሮጌ የእርሻ ትራክተር መጫን የጀመርኩት በአጋጣሚ ነበር። አሁን ግን ከገቢዬ ቀላል የማይባለው ከዚያ ነው የሚመጣው። እዚህ የማቀርበው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ከጫንኳቸው ትራክተሮች ሁሉ በጣም ያስተማረኝ ይኼኛው ነው፤ ብዙ ስህተት የሠራሁትም በሱ ላይ ነው። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም።

ዳራ

ገዢው የ78 ዓመት አዛውንት ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ወጣት ሳሉ አርሲ ውስጥ በስንዴ እርሻ ላይ የትራክተር ኦፕሬተር ነበሩ። ጊዜው በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ አሰላ ላይ ሥራ የጀመረበት ነው። ካዱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። የመሬት አዋጁ ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወጣ። ጋሼ «የኔ ዕድሜ በሁለቱ 67ቶች መሀል ነው ያለቀው» ይላሉ። በመሀል የነበሩት ስምንት ዓመታት ለሳቸው የትራክተር ዓመታት ናቸው።

ትዝታው ግን ማር ብቻ አይደለም። ትራክተር በብዛት ሲገባ አርሲ ውስጥ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቅሏል። ባለርስቱ በማሽን ማረስ ካዋጣው ጭሰኛ ምን ያደርግለታል? ጋሼ ይህን አይደብቁም። «እኔ መሪውን ስይዝ አጎቴ ጓዙን ጫነ» ብለውኛል አንድ ጊዜ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኳቸውም።

ያኔ የሚነዱት ማሲ ፈርጉሰን 135 ነበር። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1964 መጨረሻ ገበያ ላይ ወጣ። በናፍጣ የሚሠራው ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር አለው፤ ጉልበቱ ወደ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ውስጥም፣ አሜሪካ ዲትሮይት ውስጥም ተመርቷል። ቀላል፣ ጠንካራ፣ መለዋወጫው ዛሬም በየቦታው የሚገኝ ማሽን ነው። ለዚህም ነው አሜሪካ ውስጥ ሙዚየም ያልገባው። ብዙ ገበሬ አሁንም ሣር ያጭድበታል፣ በረዶ ይጠርግበታል።

እዚህ ላይ ስለ ገበያው አንድ ነገር ልበል። አሮጌ ትራክተር የሚገዛ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰብሳቢ ነው፤ የሚከፍለው ለብርቅነቱ ነው። ሚኒያፖሊስ ሞሊን እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣውን፣ እንደ መኪና ጋቢና ያለውን ዩዲኤልኤክስ ብንወስድ፣ የተሠራው ወደ 150 ብቻ ነው። ዋጋው ሌላ ዓለም ነው። ሁለተኛው የአባቱን ወይም የልጅነቱን ትራክተር የሚፈልግ ሰው ነው። እሱ የሚገዛው ፋርሞል፣ ፎርድ 8ኤን፣ ማሲ 135 ነው፤ በመቶ ሺዎች የተመረቱትን። ዋጋቸው ትንሽ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ትራክተሩ ርካሽ ሲሆን ማጓጓዣው የዋጋው ሲሶ ይሆናል፤ አንዳንዴም ግማሽ።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ካልፔፐር አካባቢ ትንሽ መሬት ገዝተዋል። ልጃቸው አንድ ማሲ 135 በማስታወቂያ አየች። ምዕራብ ኦሃዮ፣ ሊማ ከተማ አጠገብ። ዋጋው 3,800 ዶላር። «ሞተሩ ይሠራል» ይላል። አራት ፎቶ ነበረው፤ አራቱም ከግራ በኩል የተነሱ። እኔም አየኋቸው። ለምን ቀኙን አላሳየም ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

ዕቅዱ

ለማጓጓዣ 1,300 ዶላር ተስማማን። መንገዱ ወደ 500 ማይል ነው።

ሒሳቤ ይኼ ነበር። የማሲ 135 ክብደት በመግለጫው ወደ 3,500 ፓውንድ ነው። ትሬይለሬ ለ12,000 ፓውንድ ትንሽ በሚጎድል ጠቅላላ ክብደት የተመዘገበ ነው፤ ባዶውን ወደ 4,900 ይመዝናል። ስለዚህ 7,000 ያህል መጫን እችላለሁ። እንዲህ ያለ ትሬይለር የያዝኩት የፒክአፑና የትሬይለሩ የምዝገባ ክብደት ተደምሮ ከ26,000 እንዳያልፍ ነው። ካለፈ የንግድ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ያኔ አልነበረኝም።

3,500 ለትራክተሩ ከሄደ ሌላ 3,500 ቀረኝ ማለት ነው። ከኮሎምበስ 3,200 ፓውንድ የሚመዝን ሌላ ዕቃ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው ዊንቸስተር የሚወስድ ሎድ፣ ማለትም የጭነት ሥራ፣ አገኘሁ። 600 ዶላር። መንገዴ ላይ ነው። ለብሮከሩ፣ ጭነቱን ላገናኘኝ ደላላ፣ «ያዝኩት» አልኩት። ትራክተሩን በዓይኔ ሳላይ።

የተገኘው ችግር

ሻጩ ጨዋ ሰው ነው። የአያቱን ዕቃ እየሸጠ ነበር። አልዋሸም፤ ሞተሩ ይሠራል። ከፒክአፑ ባትሪ ጋር አገናኝቶ፣ ከናፍጣው መስመር አየር አስወጥቶ አስነሣው። ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ከዚያ እንደ ሰዓት መምታት ጀመረ። ጋሼ በቪዲዮ ስልክ ላይ ነበሩ። ድምፁን ሲሰሙ ዝም አሉ። ልጃቸው «አባዬ?» ስትል ሰማሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ችግር ነው።

መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ። ፔዳሉ ቢረገጥም ማርሽ አይገባም፤ ይንጫጫል። ጋሼ ሳያዩት አወቁ። «ፍሪሲዮኑ ተጣብቋል። ስንት ዓመት ቆመ?» አሉ። ጠየቅኩ። አራት ዓመት፣ ወለሉ አፈር በሆነ መጋዘን ውስጥ። እርጥበት የፍሪሲዮኑን ዲስክ ከቮላኖው (ሞተሩ ከሚያሽከረክረው ከባድ የብረት ክብ) ጋር በዝገት ያያይዘዋል። የታወቀ በሽታ ነው።

ቀጥሎ የቀኙ የኋላ ጎማ። አይዞርም። ፍሬኑ ነክሶ ቀርቷል።

ሦስተኛው ያላሰብኩት ነው። የኋላ ጎማዎቹ ውስጥ አየር ብቻ ሳይሆን ፈሳሽ ነበር። ገበሬዎች ትራክተሩ መሬት እንዲቆነጥጥ ጎማውን እስከ ሦስት አራተኛው በፈሳሽ ይሞላሉ። ውሃ ብቻ ከሆነ ክረምት ላይ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይጨምሩበታል። ጨው የገባበት ውሃ ደግሞ ከተራ ውሃ ይከብዳል። አንዱ ጋሎን ወደ 11 ፓውንድ ይጠጋል። በዚህ ልክ ባለ ጎማ ውስጥ ወደ 50 ጋሎን ይገባል። ለአንድ ጎማ 550 ፓውንድ። ሁለት ጎማ ነው።

ቀኙ ጎማ በቫልቩ ሥር ያንጠባጥብ ነበር። ቸርኬው ዙሪያውን በዝገት ተበልቷል። ፎቶው ለምን ከግራ እንደተነሳ ያኔ ገባኝ።

በዚህ ላይ ከኋላ የተገጠመ የመሬት መጥረጊያ ምላጭ አለ። «ስጦታ ነው» አለ ሻጩ። ጋሼ ተደሰቱ። እኔ የምላጩን ክብደት በሐሳቤ ስደምር ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሻጩ አንድ ሐሳብ አመጣ። ሞተሩን አጥፍተን፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተን፣ በሞተሪኖው እናስነሣውና ራሱ በመወጣጫው ይውጣ። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ማሲ 135 ማርሹ ዜሮ ላይ ካልሆነ እንዳይነሣ የሚያደርግ ማብሪያ አለው። የዚህኛው ማብሪያ ግን ከድሮ ጀምሮ በሽቦ ተዘሏል። እምቢ አልኩ። ፍሪሲዮን የሌለው፣ ፍሬኑም የማይታመን ትራክተር ትሬይለር ላይ ከወጣ በኋላ ማን ያቆመዋል? ከፊቱ ያለው የኔ ፒክአፕ ነው። በዊንች (ገመድ እየጠቀለለ በሚስብ መጎተቻ) እንሳበው አልኩ።

ለዊንች ግን የነከሰው ጎማ መፈታት አለበት። ይህን የፈታው ስልኩ ነው። ጋሼ በቪዲዮ እያዩ መሩኝ። የፍሬኑን መጎተቻ ዘንግ አላላሁ። ድራሙን በመዶሻ፣ በቀስታ፣ ዙሪያውን መታሁ። «እንደ በር ምታው እንጂ እንደ ጠላት አትምታው» አሉኝ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከዚያ ሻጩ በፒክአፑ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሲጎትተው ጧ ብሎ ለቀቀ። ስልኩ ውስጥ እልልታ ተሰማ። ማን እንዳለች አላውቅም።

የሚያንጠባጥበውን ጎማ በተመለከተ ዘዴው ቀላል ነው። ፈሳሹ የሚወጣው ከቫልቩ ሥር ስለሆነ ቫልቩን ወደ ላይ ማዞር ነው። ፈሳሹ ከቫልቩ በታች ይሆናል፤ መፍሰሱ ይቆማል። ትራክተሩን ትሬይለሩ ላይ ስናቆም ቫልቩ አናት ላይ እስኪመጣ ሁለት ጊዜ አስጠግተን፣ አንድ ጊዜ መለስነው። ፈሳሹ እስከዚያ ድረስ የነካውን የትሬይለር ወለል በብዙ ውሃ አጠብኩ። ይህ ጨው ብረት ይበላል፤ ሣርም ያደርቃል። ሻጩ «ከፈለግክ እዚሁ ግቢ አፍስሰው» ብሎኝ ነበር። የራሱን ሣር እንደሚገድል የነገረው የለም።

አሰሳሰሩ እንዲህ ነበር። ጭነቱ ከ10,000 ፓውንድ በታች ስለሆነ ሕጉ አራት ማሰሪያ አያስገድድም። የማሰሪያዎቹ ጠቅላላ አቅም ቢያንስ የጭነቱን ክብደት ግማሽ ይሁን ይላል። እኔ ግን ሁልጊዜ አራት ሰንሰለት አስራለሁ፤ በየማዕዘኑ አንድ። የፊቱን በፊት አክሱ አግዳሚ ላይ፣ የኋላውን በአክሱ ቤት ላይ። በመሪው ክንዶች ወይም በማንሻው ክንዶች ላይ ፈጽሞ አላስርም፤ ይጣመማሉ። ምላጩን ዝቅ አድርጌ ወለሉ ላይ አሳረፍኩትና ለብቻው አሰርኩት። ኮፈኑን በቀበቶ ያዝኩት። የማርሚታውን አፍ በቆርቆሮ ሸፈንኩት። የአሮጌ ትራክተር ኮፈን በ65 ማይል ነፋስ ውስጥ እንዲሄድ አልተሠራም።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች የእርሻ ትራክተር እንደ መኪና የባለቤትነት ደብተር የለውም። የሽያጭ ውል ጽፈን የሻሲውን ቁጥር ከመሪው ሥር ካለው ሰሌዳ ገለበጥን። የጋሼ ልጅ ቀደም ብላ በግዛቱ መዝገብ ላይ ዕዳ እንዳለበትና እንደሌለበት አጣርታለች። በዚህ ጉዳይ ከሁላችንም የነቃችው እሷ ናት። ሰሌዳው ትራክተሩ የዲትሮይት ሥራ መሆኑን አሳየ። ማስታወቂያው «የእንግሊዝ» ነበር የሚለው። ጋሼ «እኛ ዘንድ የነበረው የኮቨንትሪ ነበር» አሉና ትንሽ ዝም አሉ። «ግድ የለም። ሞተሩ ያው ፐርኪንስ ነው።»

መንገድ ላይ

የመጀመሪያው ማቆሚያ ሚዛን ያለው ትራክ ስቶፕ ነበር። ጠዋት ባዶዬን ስመዘን ከነመኪናው 13,400 ነበር። አሁን 18,520 አለ። ትራክተሩ ከነምላጩ 5,120 ፓውንድ ነው ማለት ነው። ከገመትኩት በ1,620 ይበልጣል።

ከኮሎምበሱ ዕቃ ጋር 8,320 ሊሆን ነው። የምችለው 7,000 ነው። ለብሮከሩ ደወልኩ። ምን እንዳለኝ አልጽፈውም። 600 ዶላሩ ሄደ፤ ብሮከሩም ለሁለት ወር ያህል ሎድ አልሰጠኝም። ጥፋቱ የሱ አይደለም። «ትንሽ ናት፣ ማን ያያል» የሚል ጓደኛ አለኝ። ከዌስት ቨርጂኒያ እስከ ሜሪላንድ ያለውን የ68 ቁጥር ኢንተርስቴት ተራራ በትርፍ ክብደት ሲወርድ ባየው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ችግር ቀስ ብሎ መጣ። ሕጉ ጭነትን በመጀመሪያው 50 ማይል ውስጥ ፈትሽ ይላል። ከዚያ በየ150 ማይሉ ወይም በየሦስት ሰዓቱ፤ ቀድሞ በደረሰው። 40 ማይል ላይ ቆሜ ስፈትሽ የቀኙ የኋላ ሰንሰለት ላልቷል። አጠበቅኩት። ዌስት ቨርጂኒያ ካለችው ዊሊንግ በፊት ስቆም እንደገና ላልቷል። ሰንሰለቱንና ማጥበቂያውን ጠረጠርኩ፤ ደህና ናቸው። ቆይቶ ገባኝ። ቫልቩን ወደ ላይ ሳዞር ፈሳሹን አቆምኩት እንጂ ቀዳዳውን አልደፈንኩትም። አሁን በዚያ የሚወጣው አየር ነው። ጎማው ሲተነፍስ ትራክተሩ በዚያ በኩል ዝቅ ይላል፤ ሰንሰለቱም ይላላል። አንዱን ችግር የፈታሁበት ዘዴ ሌላውን ወልዷል።

በመጀመሪያ በኮምፕረሰር ነፋሁት። ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ከዚያ ያለኝን ወፍራም ጣውላ ከኋላው አክሱ ሥር በመስቀል ደርድሬ፣ በክሪክ ትንሽ አንሥቼ፣ ክብደቱን ጣውላው ላይ አሳረፍኩት። ጣውላዎቹን እርስ በርስ በምስማር አያይዤ በቀበቶ አሰርኳቸው። ሰንሰለቱን እንደ አዲስ አጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አንድ ጣት አልላላም። ይህን ከመነሳቴ በፊት ማድረግ ነበረብኝ።

የ68 ቁጥሩን ተራራ በቀስታ ወረድኩ። ሜሪላንድ፣ ሃንኮክ ላይ አደርኩ። በማግስቱ በ522 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ፣ በዊንቸስተር አልፌ ካልፔፐር ገባሁ። ለአንድ ቀን የታሰበው ሥራ ሁለት ቀን ሆነ።

ካልፔፐር

ጋሼ በር ላይ ቆመው ነበር። ኮትና ከረባት ለብሰዋል። ትሬይለሩን አንድ ጊዜ ዞሩት። እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አደረጉ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ነገሩ ገቡ። «ጎማው የተነፈሰው ከየት ጀምሮ ነው?»

የማውረዱ ሥራ በዊንች ነበር፤ በቀስታ፣ ወደ ኋላ እየለቀቅን። መሬቱ ትንሽ ተዳፋት ስለሆነ በየሜትሩ ከጎማው ኋላ እንጨት እየደገፍን አወረድነው።

ፍሪሲዮኑን እሳቸው ናቸው ያስለቀቁት። ፔዳሉን ወደ ታች ተጭነው በእንጨት ደገፉት። በየቀኑ ሞተሩን አስነሥተው ያሞቁታል። ስምንት ቀን ሆነው። በዘጠነኛው ቀን ሞተሩ እንደሞቀ አጥፍተው፣ ከፍተኛ ማርሽ አስገብተው፣ ሜዳ ላይ እኔ በፒክአፕ ጎተትኳቸው። ፍሪሲዮኑን ረግጠው ፍሬን ሲነኩ ለቀቀ። ዲስኩ እንደማይረባ ጠርጥሬ ነበር፤ እስካሁን ይሠራል።

ልጃቸው አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። እንዲህ ያሉ ትራክተሮች ሲገለበጡ ነጂውን የሚጠብቅ የብረት ቅስት የላቸውም። የአሜሪካ አምራቾች ቅስቱን በአዲስ ትራክተር ላይ በመደበኛነት መግጠም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። በዚህ አገር እርሻ ላይ ብዙ ሰው የሚገድለው ደግሞ የትራክተር መገልበጥ ነው። ቅስትና ቀበቶ ካልተገጠመ አትነዳም አለቻቸው። ጋሼ «አርሲ ላይ ስንት ዓመት...» ብለው ጀመሩ። አላስጨረሰቻቸውም። ተገጠመ።

የሠራውና ያልሠራው

ዊንች መምረጤ ትክክል ነበር። ሚዛን ላይ መቆሜም። የባለሙያ ዓይን በስልክ ማግኘቴ ደግሞ ዕድል ነው፤ ሁሌ አይገኝም።

ክብደትን ከመግለጫ ወረቀት መውሰዴ ግን ትልቁ ስህተት ነው። መግለጫው የሚናገረው ከፋብሪካ ስለወጣ ባዶ ትራክተር ነው። ባለቤቱ 50 ዓመት ምን ሲጨምርበት እንደኖረ አያውቅም። ሳያዩ ሁለተኛ ሎድ መያዝ ስስት ነበር። ስናተርፍ 600፣ ስንከስር ብሮከር።

አሁን የምጠይቀው

ዛሬ ሰው «ትራክተር ጫንልኝ» ብሎ ሲደውል ዋጋ ከመናገሬ በፊት እጠይቃለሁ። የኋላ ጎማው ፈሳሽ አለበት? ሻጩ ካላወቀ ቀላል ዘዴ አለ፤ ቫልቩ ወደ ላይ ሲሆን ጎማውን አናቱና ግርጌው ላይ በመዶሻ ዘንግ ማንኳኳት ነው። አየር ያለበት ይጮሃል፤ ፈሳሽ ያለበት ድፍን ድምፅ ይሰጣል።

ይሠራል የሚለውን ቃል ብቻውን አልቀበልም። ሞተሩ ይነሣል ወይ አንድ ጥያቄ ነው። በራሱ ይሄዳል ወይ ሌላ ነው። በራሱ ይቆማል ወይ ሦስተኛው ነው። አራቱም ጎማ በነፃ ይዞራል ወይ ደግሞ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሞተሩ የሞተ ትራክተር በዊንች ይወጣል፣ ጎማው የነከሰ ግን ግማሽ ቀን ይበላል። ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ እጠይቃለሁ፤ የቫልቮቹንም በቅርበት። አንዱ ጎን ከሌለ ያንን ጎን ለብቻው እጠይቃለሁ።

ከኋላና ከፊት የተገጠመ ነገር ካለ ለብቻው አስቆጥራለሁ። «ስጦታ» የተባለውንም ጭምር። መጫኛ ቦታ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየሁ ተጨማሪ ክፍያ አለው፤ ይህን አስቀድሜ በጽሑፍ እልካለሁ። ጋሼን ግን ተጨማሪ አላስከፈልኳቸውም። በየወሩ ጎመንና ድንች እየሰጡኝ ዕዳው ወደኔ ዞሯል።

የቀኙ ጎማ አዲስ ቸርኬና አዲስ ካላማዳሪ ገብቶለታል፤ በአየር ብቻ ነው የሚሄደው። የግራው አሁንም የድሮው ፈሳሽ አለበት። ትራክተሩ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ጋሼ መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ ይዘው ያርሳሉ።